ለቀዛፊው የጻፍሽው ገጽ

ውድ ባለቤቴ፣

ፖስታውን ስትቀበዪ እህትሽ «ደግሞ ማንን ለምኖ አስጻፈ?» ማለቷ አይቀርም። ማንንም አልለመንኩም በያት። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ የገዛ እጄ ሥራ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለው በማስመሪያ እንዳይመስላችሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ የቀባ እጅ ቀጥ ማለት ያውቅበታል። ከማታ ትምህርት ቤቱ አሥራ አራት ተማሪዎች አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። እርግጥ መምህርታችን «ወሬ ባታበዛ ኖሮ በአራት ወር ትጨርሰው ነበር» ብላኛለች። እኔ ግን «ትጨርሰው ነበር» የሚለውን ይዤ ቀረሁ።

ሕፃኑ እንዴት ነው? ለአንድ ወር አራስ ልትጠይቂ ሄደሽ ይኸው ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ነው። ስደውል «ትንሽ ልቆይ» ትይኛለሽ። ልጁ እኮ አንገቱን አቅንቷል! አንገቱን ላቀና ሰው አክስት ምን ታደርግለታለች? ሳቂብኝ፤ ክንድ በማይሞላ ሕፃን እንኳ ቀንቻለሁ። ግን ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያኛው ቅናቴ ነው፤ ስለ ትልቁ።

አምና የስፌት ፋብሪካችሁ ሠራተኞቹን ወደ ወንዙና ወደ ዋሻው ለሽርሽር የወሰዳችሁ ቀን ማታ ጫማሽ ጭቃ ይዞ መጣሽ። እኔ ለጎረቤታችን ለቧንቧ ሠራተኛው የጣሪያ ቀለም ታሪክ እያወራሁ ነበር። «እንዴት ነበር?» አልኩሽ። «ቀዛፊው ደስ ይላል» አልሽ። በቃ ሌላ የለም። ውድ ባለቤቴ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳራችን ስለ እኔ «ደህና ነው» ብለሻል፣ «ምን ይደረግ» ብለሻል፣ «ጠባዩ ነው» ብለሻል። «ደስ ይላል» ብለሽ አታውቂም።

በማግስቱ ቁልፍ ሰፊዋ ጓደኛሽ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ አገኘችኝ። ያቺ ሴት እሳቱ ቢጠፋ እንኳ አመዱን ትቆሰቁሳለች።

«ውይ፣ ያ ቀዛፊ!» አለችኝ። «ክንዱን ብታየው! ሚስትህማ ከጀልባው አልወርድም ብላ በልመና ነው ያወረድናት።»

«የኔዋ ሚስት?»

«ያንተዋ ናታ! ኋላም የአስተያየት መዝገቡን ይዛ ቁጭ አለች፤ እኛ ሁለት ሁለት መስመር ጽፈን ስንነሳ እሷ ገጹን ሞላችው።»

ቤት ስገባ ጠየቅኩሽ። «መዝገቡ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አልኩ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ቡርሼን እያጠብኩ። ሳቅ ብለሽ «ሂድና አንብበው» አልሽኝ።

ሳቅሽ ክፋት እንዳልነበረው አውቃለሁ። ግን ስሙን መፈረም ለማይችል ሰው ነው ያልሽው። በሳምንቱ ማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ለሰው ሁሉ «ዕውቀት ጠምቶኝ ነው» አልኩ፤ ለመምህርቷ «ጋዜጣ ላነብ» አልኳት። ውሸቴን ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ ውዬ፣ ቀለም የተለጠፈበት ጣቴን እየላስኩ ደብተር የገለጥኩት አንድ ገጽ ለማንበብ ነው። ለሌላ ሰው የጻፍሽውን ገጽ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ሄድኩልሽ። ከባላንጣው ጋር የሚገናኝ ሰው ተጎሳቁሎ አይሄድምና ተላጭቼ፣ ያንን ነጭ ሸሚዝ ተኩሼ ለበስኩ። አዎ፣ ራሴ ተኮስኩት፤ ጀርባው ላይ ትንሽ አርሯል፣ እሱን ግን ጃኬት ይሸፍነዋል። በልቤ የሳልኩት ጎረምሳ ነበር፤ ደረቱ በር የሚያክል፣ ጥርሱ እንደ ነጭ ቀለም የሚያበራ። ደረስኩ። «ቀዛፊው ማን ነው?» ብል ወንዙ ዳር ተቀምጦ የጀልባ ውሃ በቆርቆሮ የሚቀዳ ስልሳ ዓመት የሚሆነውን ሰው አሳዩኝ። ራሰ በራ! የፊት ጥርሱ አንዱ የለም! ውድ ባለቤቴ፣ ደስታዬን ልደብቅሽ አልችልም። ዝፈን ዝፈን አለኝ። ክንዱን ግን አየሁት፤ ቁልፍ ሰፊዋ አልዋሸችም።

ጀልባው ውስጥ ስድስት ሆንን። አንድ ባልና ሚስት ከትንሽ ሴት ልጃቸው ጋር፣ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ እና እኔ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሰጡን፤ የእኔው ለልጅ የተሰፋ ይመስል ሆዴ ላይ አልዘጋ አለ። «ግድ የለም፣ ብወድቅ ወንዙ ነው ሞልቶ የሚፈሰው» አልኩ። ሳቁ። እኔ መቼም አንዴ ከሳቁልኝ የሚያቆመኝ የለም።

ወንዙን አንቺም አይተሽዋል፤ ግን እንደ እኔ አላየሽውም፣ እኔ የቀለም ሰው ነኝ። ያንን አረንጓዴ በየትኛውም ቆርቆሮ አላገኘሁትም፤ ሰማያዊ ብጨምርበት ይከፋል፣ ቢጫ ብጨምርበት ይታመማል። ገደሉ በሁለቱም በኩል እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከዋሻው ጣሪያ የተንጠለጠለው ድንጋይ አሥር ጊዜ ተደራርቦ እንደ ተቀባ ኖራ ይመስላል። «ይኼን ያለ መሰላል ማን ቀባው? ንገሩኝ ልቅጠረው!» አልኩ። አሁንም ሳቁ፤ ግን ልጅቷ ብቻ ከልቧ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አየሁ። ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ ነው ለካ የሚቀዝፈው! እኔ ጀልባ ማለት እንደ መኪና ሾፌሩ ፊት ፊቱን የሚያይበት ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊት ተፋጠጥን። መቅዘፊያውን በሳበ ቁጥር ጉልበቱ ጉልበቴን ሊነካ ይደርሳል። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ እዚሁ ሳንቃ ላይ ነበርሽ። ይህ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊትሽን አይቷል። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመት ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ሌላ ነገር ሳልሠራ፣ ፊትሽን አይቼ አውቃለሁ? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ወሬ ጨመርኩ። ስለ ጀልባው ቀለም ነቀፌታ አቀረብኩ። ስለ መላጣ ሰውና ስለ ዝንብ የሚወራውን ቀልድ ሳይቀር አወራሁ፤ እሱ ላይ መሆኑ ነው። ሰውየው ቀዘፈ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም።

የውስጠኛው ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ከዚህ ወዲያ ፋኖሱን አጠፋለሁ። መቅዘፊያውንም አነሳለሁ። ሁላችሁም ዝም ካላችሁ ውሃው ራሱ ይወስደናል። አንድ ሰው ካወራ ግን እቀዝፋለሁ።»

ፋኖሱ ጠፋ። ሁለቱ መቅዘፊያዎች ጀልባው ውስጥ ሲገቡ ሰማሁ። ጨለማው ጥቁር ቀለም ባልዲ ውስጥ እንደ መጥለቅ ነው። ውድ ባለቤቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቻልኩት። እስከ አሥር ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ያህል ቻልኩት። ከዚያ «ምነው፣ ነዳጅ አለቀብን እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ ነበር። ዋሻው ተቀብሎ «እንዴ… እንዴ… እንዴ» አለ። ማንም አልሳቀም። ክብሪት ተጫረ፣ ፋኖሱ በራ፣ ሰውየው መቅዘፊያውን አወረደና ቀዘፈ።

የልጅቷ እናት ዞራ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ለዚህች ደቂቃ ብለን እኮ ነው የመጣነው» አለች። ባሏ «ተይው በቃ» አላት። ያ «ተይው» ከስድብ የባሰ ነው።

ወደ መውረጃው ስንመለስ ሌሎቹ እኔን አልፈው ሄዱ። እኔም መዝገቡን ጠየቅኩ። ከአንድ የእንጨት ሳጥን አውጥቶ ሰጠኝና ጀልባውን ሊያደርቅ ሄደ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከአምናው ጀመርኩ፤ ጣቴን ከየቃሉ በታች እያስሄድኩ። የእጅ ጽሑፍሽን እንደማላውቀው ያወቅኩት ያኔ ነው። ማንኛዋ እንደሆንሽ ስለማላውቅ ሁሉንም ማንበብ ነበረብኝ። «ጀልባው ያፈሳል።» «የሌሊት ወፍ ፀጉሬ ላይ አረፈች፣ ሌላው ሁሉ ግሩም ነው።» «መጸዳጃ ቤት ይሠራልን።» «ክንድህን ይባርክልህ፣ ከቁልፍ ክፍል።» እሷን ወዲያው አወቅኳት። ፀሐይዋ ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው ዞረች። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ገጽ አገኘሁ፤ ግርጌው ላይ «ሦስተኛ ረድፍ ላይ የምትሰፋው» ይላል።

በቃሌ ይዤዋለሁ። እንዲህ ይላል። «ፋብሪካ ውስጥ አርባ የስፌት መኪና አብሮኝ ይጮኻል። ቤቴ ስገባ ደግሞ ቤቴ ይጮኻል። ጆሮዬ መቼ እንደሚያርፍ ረስቼው ነበር። ዛሬ መብራቱ ሲጠፋ አረፈ። ሳላስበው አለቀስኩ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም፣ ማንም ሊያስቀኝ አልሞከረም። ለቀዛፊው እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ አንድ ጥግ ቤቴ ውስጥ ቢኖረኝ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልጠይቅም ነበር።»

ሦስቴ አነበብኩት። ስምንት ወር የተማርኩለት ገጽ ይኸው ነው። በክንዱ ብትወጂው ይሻለኝ ነበር፤ ክንድ እኔም አለኝ። «ቤቴ ይጮኻል» ያልሽው ቤቱን ሳይሆን እኔን እንደሆነ፣ ማንበብ የቻለ ሰው ማወቅ አያቅተውም። ደግሞ ያ እንባ! አሥራ ሰባት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ያላሳየሽኝን እንባ ለማታውቂው ሰው አፈሰስሽለት። የእኔ ድርሻ ነበር እኮ።

ተነስቼ ሄድኩበት።

«ጋሼ፣ አምና ጨለማው ውስጥ ያለቀሰች ሴት ታስታውሳለህ?»

«ብዙ ሰው ያለቅሳል።»

«የእኔ ሚስት ናት።»

«አላይም እኮ ወንድሜ፤ ጨለማ ነው።»

«ታዲያ ምን አልካት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቃሉን እንደ ጠጠር ሁለቴ ሰጠኝ። እኔ በሺህ ቃል ያልሠራሁትን በዚህች በአንዷ ሠራው። ያን ጊዜ የቀናሁትን ያህል ቀንቼ አላውቅም። ቆሜ ስቀር ጊዜ ጀልባውን በእግሩ ገፋ አደረገና «ግባ። ማንም አልቀረም፤ አንተና እኔ ብቻ ነን» አለኝ።

ሁለተኛ ሄድኩ። መብራቱ ሲጠፋ የሰደርያዬን ማሰሪያ ጥርሴ መሐል ያዝኩ። በእውነት ነው የምልሽ፣ ነከስኩት። መጀመሪያ የሰማሁት የገዛ ሆዴን ነው። ከዚያ የውሃ ጠብታ፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ በጣም ሩቅ። ጀልባው ራሱን ችሎ ይሄዳል። አፌ ውስጥ አሥር ቀልድ ተሰልፎ ቆመ፤ አንድ በአንድ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ያንቺ ድምፅ ነው።

ወደ እህትሽ ከመሄድሽ በፊት በነበረው ሳምንት፣ እቃ ማጠቢያው ጋ ቆመሽ «አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አልሽኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ተቀምጦ ነበር። እኔ «ነገር ከሆነ ወደ ዳኛ ውሰጂው!» አልኩ። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ አንቺም ፈገግ አልሽ። እጅሽን አደረቅሽና ወደ ጓዳ ገባሽ። ምን ልትነግሪኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም። ያንን ሳስብ ጀልባው ወደ ብርሃን ወጣ። ሰውየው ፊቴን አየና ወደ ውሃው ዞረ። ምን ሆንክ አላለኝም። ለምን ደስ እንዳለሽ ያኔ ገባኝ፤ ገብቶኝም አናደደኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ የማወራው እኔ ነኝ፤ አንቺ «እሺ» ትያለሽ፣ «እሺ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ፖስታው ውስጥ ሁለት ባዶ ወረቀት አጥፌ ከትቻለሁ። ቅናቴ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም፤ ለቀዛፊው አንድ ገጽ ከሰጠሽው ለእኔ ለባልሽ ሁለት ይገባኛል። ያን ቀን ልትነግሪኝ የነበረውን ጻፊልኝ። ክፉም ከሆነ ጻፊው። «አልመለስም» የሚልም ከሆነ ጻፊው፤ ለቧንቧ ሠራተኛው አላነብለትም። እኔ እንደሆነ ገና ፈጣን አንባቢ አይደለሁም፤ ጣቴን ከእያንዳንዱ ቃል በታች እያስቀመጥኩ ነው የምሄደው። አንቺ ሳትጨርሺ መሐል መግባት አልችልም።

መልስሽን ዝም ብሎ የሚጠብቅ
ባልሽ