የቫሌንሲያ ሽማግሌዎች ሲገቡ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመቅደላዊት፣

ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ገብቷል። ስልኩ እየተቆራረጠ ቢያበሳጨኝ ይኸው ብዕር አነሳሁ።

ቫሌንሲያ ያገኘሽልኝን ሥራ፣ ሁለቱን አዛውንት የመጦሩን፣ ቀልድ አላደረግሁትም። በድምፅ የላክሽልኝን የስፓኒሽ ትምህርት እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄዋለሁ። ሁለት ሰው በአክብሮት ለማዘዝ የግሱ "አር" የሚለው ጫፍ ወደ "ኤን"፣ "ኤር" እና "ኢር" ደግሞ ወደ "አን" ይዞራል ብለሽኝ የለ? የምለማመድበት ሰው ባጣ ሁለቱን በሬዎች ያዝኩ። ገለባ ስሰጣቸው "ኮማን"፣ ውሃ ሳጠጣቸው "ቤባን"፤ ይብሉ፣ ይጠጡ መሆኑ ነው። እማዬ ልጄ ከብት አንቱ ማለት ጀመረች ብላ ለጎረቤት አወራች።

አባባ ግን አልሳቁም። ከጅዳ የቤት ሠራተኝነት ከተመለስኩ ወዲህ የመሄድ ወሬ ሲነሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ያዞራሉ። ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ እንደማልወጣ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ለቃለ መጠይቁ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሜ፣ ለምኜ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው።

መጀመሪያ ያናገረችኝ የአዛውንቶቹ ልጅ ናት። የጠየቀችኝን ሁሉ መለስኩ። ቀጥሎ ዶን ኤሚልዮና ዶኛ ፒላር ተደጋግፈው ወደ ክፍሉ ገቡ። እኔና አባባ እኩል "ኖር" ብለን ብድግ አልን። ለካስ እነሱ የሚታያቸው የእኔ መቀነትና የአባባ ጋቢ ጫፍ ብቻ ነው። ልጅቷ ስልኩ የተበላሸ መስሏት ስሜን ትጣራለች። ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ እንዴት ልቀመጥ? ጎንበስ ብዬ ለምን እንደተነሳን ባለችኝ ቋንቋ አስረዳሁና "ሲየንተንሴ"፣ ይቀመጡ አልኳቸው። ሥራው እንዳመለጠኝ ቆርጬ ነበር።

ዶን ኤሚልዮ አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ወደ እኛ ዘርግተው፣ ለእኔና ለአባባ፣ "ሲየንተንሴ" አሉን። ለአባባ፣ በእኛ አገር በእግዜር ተቀመጡ እንደማለት ነው አልኳቸው። አራታችንም ተቀመጥን። ልጅቷም ወረቀቱን እንድታስጀምሪ ትደውልልሻለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ፣ "እኔን ያስቀመጠ ቤት አንቺን ሲያቆም አይውልም፤ ሂጂ" አሉኝ።

መቅደላ፣ የጅዳውን፣ መቀመጥ ተከልክዬ መዋሌን፣ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እንዴት እንዳወቁ እንጃ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ትከተልሽ፤ ተቃቅፈን ለመሳቅ ታብቃን።

እህትሽ አስቻለች