ከፊት የምትሮጠው ልጅ

ጥር 9 ቀን 1975

ሱብሂ ሰግደን ከልጄ ከሰብሪያ ጋር ወጣን። ብርዱ አይጣል ነው። ጓደኛዋ ጥሩብርሃን እንደ ልማዷ ውሃ ቦኖው ጋ ቆማ ትጠብቀናለች፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ። እነሱ በጫካው እየሮጡ፣ እኔ በአቋራጩ ወደ እንጦጦ ማርያም… ሹራባቸውን ተሸክሜ። የስፖርት መምህር ተብዬ ሃያ ሜትር ስሮጥ ጉልበቴ ይጮኻል። ሰዓዳ "የኔ ባል በአፉ ነው የሚያሠለጥነው" ትላለች፣ ሱቋ ለሚመጣው ሁሉ። ሚስቴ ናት፣ ምን ይደረጋል።

ላይ ሆኜ ሲመጡ አየኋቸው። ልጄ ከፊት፣ ጥሩብርሃን ከኋላ፣ እግር በእግር። እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። መንገዱ ቀጭን ነው፣ የባሕር ዛፍ ሥር ይበዛዋል። የፊተኛዋ መንገዱን ታያለች፣ የኋለኛዋ የፊተኛዋን እግር። እሷ በረገጠችበት መርገጥ ነው፣ ሌላ ሐሳብ የለም። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ሰው ይመስላሉ።

ስኳር ዛሬም ቀበሌ ሱቅ አልመጣም።

ጥር 14

ጉተማ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አብሮ አደጌ ነው፣ አሁን ስፖርት ኮሚሽን ይሠራል። ቡልጋሪያ ያለ አንድ የስፖርት ኢንስቲትዩት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሯጮች ሊወስድ ነው አለኝ። ትምህርቱም ምግቡም በነሱ። አሠልጣኙ ራሱ መጋቢት ላይ መጥቶ ያያቸዋል። ስንት ልጅ ላቅርብ? "ያሉህን" አለ። ያሉኝ ሁለት ናቸው።

ለሰዓዳ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። "ብቻዋን ነው የምትሄደው?" አለች። ከጥሩብርሃን ጋር አልኳት። "እንግዲያ ይሁን።"

ጥር 16

የጥሩብርሃን እናት ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ አሳየች ቸርቻቸው ከተዘጋ ወዲህ መጋረጃ ሳይዘጉ አይጸልዩም። ስገባ ተደናግጠው መጽሐፋቸውን ትራስ ሥር ከተቱ… እኔ ነኝ አልኩ። ሳቁ። እሳቸውም ያሉት ያንኑ ነው፦ ከሰብሪያ ጋር ከሆነች ትሂድ።

ሁለት እናቶች፣ አንድ ቃል። አንዷ ብቻ ብታልፍ ምን ይውጠኛል?

ጥር 29

የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ አገኘሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዋቅጅራ በጥሩብርሃን ላይ ሲያንገራግር ከረመ። የእናቷን ጸሎት ሰምቷል መሰለኝ። ባለፈው ዓመት ለቀበሌው ዋንጫ ያመጣችው ማን እንደሆነች አስታወስኩት። ፈረመ።

ጉተማ ግን አንድ ነገር ጣል አድርጎልኝ ሄደ። ቡልጋሪያዊው ልጆቹን አንድ በአንድ ነው የሚያስሮጠው። ጓደኛ የጎተታትን አይፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ጥሩብርሃንን ሜዳው ላይ ብቻዋን አስሮጥኳት። ሦስተኛው ዙር ላይ ቆመች። አመመሽ ወይ? አላመማትም።

"ጋሼ፣ ማንን እያየሁ ልሩጥ?"

ሦስት ዓመት ሙሉ መንገዱን አትይ ያልኳት እኔ ነኝ።

የካቲት 2

ቦታ አቀያየርኳቸው። ጥሩብርሃን ከፊት። ሰብሪያ አላጉረመረመችም፣ "ከኋላሽ ነኝ፣ ሂጂ" አለቻት። ማርያም ላይ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ… የሉም። ጥሩብርሃን መንገዱ ጠፍቷት ጉራራ ወርደዋል! እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች መልሰው ላኩልኝ። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ሁለቱም እየሳቁ። እኔም ልቆጣ አስቤ ሳቅሁ።

የካቲት 20

ጥሩብርሃን ዛሬ ሳትሳሳት ወጣች። ከዚያ ሜዳው ላይ ብቻዋን አምስት ዙር። ነገ ስድስት። ቤት መጥቼ ስለሷ ብቻ ሳወራ ሰዓዳ "የኛይቱስ?" አለችኝ።

የኛይቱ ምን ትሆናለች? እሷ እንደሆነች ዱሮም ከፊቷ ሰው የለ። በሷ በኩል እንቅልፌን እተኛለሁ።

መጋቢት 18

ስታዲየም። እንደሆነው ልጻፈው።

ቡልጋሪያዊው ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ነው፣ ዝምተኛ። ሰባት ዙር ተኩል፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ጥሩብርሃን ተጠራች። መስመሩ ላይ ሆና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል… እየጸለየች ነው። ከወዲያ ጓዶቹ ተቀምጠዋል። ሄጄ የጫማዋን ክር የማይ መስዬ ፊቷ ቆምኩ፣ እስክትጨርስ። እኔም በሆዴ ዱዓ አደረግሁላት። ሮጠች። ከፊቷ ማንም የለ፣ ግን ሮጠች! ሽማግሌው ሰዓቱን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ቀጥሎ ሰብሪያ። ተደላድዬ ተቀመጥኩ፣ ብስኩት ሁሉ አውጥቻለሁ። አንደኛው ዙር ደህና። ሁለተኛው ላይ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። ምን ጠፋት? ሦስተኛው ላይ ደገመችው። ከዚያ ርምጃዋ ቀዘቀዘ… ሰው ወደ ኋላ እንደቀረባት፣ እስኪደርስባት እንደምትጠብቅ። ብስኩቱ እጄ ላይ ቀረ።

አላለፈችም።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን አየች። የካ ሚካኤል ስንደርስ ወደኔ ዞረች።

"አባዬ፣ ኮቴ የለም።"

"የምን ኮቴ?"

"ከኋላዬ።"

መጋቢት 19

ክፍል አልገባሁም። የኋለኛዋ ያለ ፊተኛዋ መሮጥ አትችልም ብዬ ስንት ሳምንት ባዘንኩ። የፊተኛዋ ያለ ኋለኛዋ እንደማትችል አንድ ቀን አልታየኝም። ልጄ እኮ ናት። ከሰው ልጅ በፊት እሷን ማየት ነበረብኝ። 

መጋቢት 27

ወይዘሮ አሳየች "ብቻዋንማ አልሰድም" ብለው ነበር። ማን ሄዶ አሳመናቸው? ሰብሪያ። ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም። ሰብሪያን እስከ በር አልቅሰው ሸኟት፣ ልጃቸው ትሂድ ብለዋል።

ግንቦት 10

የተመረጡት ልጆች ካምፕ ገቡ። ቦኖው ጋ የሚቆም የለም።

ሰኔ 7

ረመዳን ገባ። ሰብሪያ ሩጫ አቆመች። ስጾም አልችልም አለች። ጾሙን ሰበብ አድርጋ ነው፣ አውቃለሁ። 

ሐምሌ 8

ዒድ አለፈ። ጫማዋ አልጋ ሥር እንዳለ ነው። ጉተማ ቡልጋሪያዎቹ በሚመጣው ዓመትም ይመጣሉ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱትንም ያያሉ ብሎኛል። ነገርኳት። "እሺ አባዬ" ብላ ወደ እናቷ ሱቅ ሄደች።

ሐምሌ 19

ጉልበቴን በሻሽ ጠፍሬ አሠርኩ። ሰዓዳ አየችኝና ሳቋን ዋጠችው። ሰብሪያን ቀሰቀስኳት። "ከፊት ሁኚልኝ፣ መንገዱን አላውቀውም" አልኳት። መምህሩ መንገዱን አላውቅም ሲል! ተነሣች።

እስከ መጀመሪያው ዳገት ድረስ ተከተልኳት። ጭቃው፣ ትንፋሼ፣ ሆዴ… ሞቼ ነበር። መሃል ላይ ሳትዞር፦

"አባዬ፣ ኮቴህ የበቅሎ ነው።"

ከመጋቢት ወዲህ ስትቀልድ ገና ዛሬ ሰማኋት።

ነሐሴ 3

እስከ ትልቁ ጥድ ደረስኩ። ትንፋሽ አጥቼ ስቆም እሷም ቆመች። ቀጥዪ ብላት እንቢ። አሁንም እንደዚያው ናት።

ነሐሴ 16

ጥሩብርሃን ዛሬ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ቤታችን መጣች። ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። እኔን እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት። እዚያ ስትሮጪ ማንን ታያለሽ ብዬ ቀለድኩባት። መንገዱን፣ አለችኝ። ወደ ጓሮ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ።

ጳጉሜ 6

ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት። ትርፍ ቀን።

ሌሊት ዘንቦ ጠዋት አባራ። ሹራቧን ይዤ ተከተልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ራቅ እያልኩ ነው የምሮጠው፣ ሳትነግረኝ ሳልነግራት። ጥዱ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። ጉልበቴ አሞኝ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ትንፋሼንም ያዝኩ።

አልዞረችም። ጀርባዋ በዛፎቹ መሃል ታየ፣ ጠፋ። ኮቴዋን እስከምችለው ድረስ አዳመጥኩ… ከዚያ እሱም የለም። ደስ አለኝ። ቅር ያለኝ ነገርም ነበር፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

በአቋራጩ እያነከስኩ ማርያም ደረስኩ። ግንቡ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

"ጥዱ ጋ ቆምክ" አለችኝ።

"ሰማሽ እንዴ?"

"ሰማሁ እንጂ።"

 ሹራቧን ከእጄ ወሰደችና ራሷ በመልበስ ፈንታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። አልቦሃል፣ ብርድ ይመታሃል አለችኝ።