ሁለት አፍንጫ ያለው ቦርድ

ጁላይ 6፣ ቅዳሜ

ስኖውቦርዴ፣ በረዶ ላይ የምንሸራተትበት ሳንቃዬ፣ ተሰበረ። የጎኑ ብረት ተላቆ እንደ ተበጠሰ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ድንጋይ ላይ ወጥቼበት ነው። በወቅቱ መጀመሪያ በረዶው ስስ ነው፣ ድንጋዩ ከስር አድፍጦ ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ወጣሁበት…

ጠዋት ሁለት ቤት የፈነዳ ቧንቧ ጠግኜ ነበር ወደ ተራራው የወጣሁት። የከተማችን የጂንደባይን ቧንቧ ሁሉ ሰሞኑን በክረምቱ ውርጭ እየፈነዳ ነው። ሰው ሲያለቅስ ለቧንቧ ሠራተኛ ሠርግ ነው።

ጓደኛዬ ራና ሁለቱ ስኪዎቿ ላይ ቆማ ሳቀችብኝ። "እኔ ሁለት እግር ስላለኝ በሁለት እሄዳለሁ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው ሁለቱንም አንድ ሳንቃ ላይ የምታስሪው?" በየዓመቱ ይህችኑ ቀልድ ትደግማታለች። በየዓመቱ እስቃለሁ።

አዲስ ልገዛ ነው። ራሴ መርጬ። እንዴት ነው ግን የሚመረጠው?

ጁላይ 7፣ እሑድ

ሳስበው አንድም ቀን ቦርድ መርጬ አላውቅም። እስከ ዛሬ የመረጠልኝ ብሬት ነው። ያስተማረኝ እሱ፣ የመጀመሪያውን ቀን ማሰሪያውን ያሰረልኝ እሱ። አስራ አንድ ክረምት አብረን ኖረን ማርች ላይ ተለያየን። ጠብ የለ፣ እቃ መወራወር የለ። ቤሪዴል ቤት ተከራየ፣ ሶፋውን ለእኔ ተወልኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

"ላንቺ ለስላሳው ቦርድ ይሻላል፣ ቲገን። መካከለኛ ነሽ። መካከለኛ መሆን እኮ ምንም አይደል።" በየዓመቱ እንዲህ ይለኝ ነበር፣ እንደ ክትባት።

ይህን ማንም አያነበውም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ነገሩ የቦርድ ብቻ አይደለም። የምፈልገውን ራሴ የማውቅ ሰው መሆኔን ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አይዘገይም?

ጁላይ 11፣ ሐሙስ

ከሥራ በኋላ ዴል ሱቅ ገባሁ። ዴል ስልሳን አልፋለች። ከሱቋ ጀርባ ትኖራለች፣ ከሱቋ ፊት ትሳደባለች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቦርድ ነው። ሥዕሉን ትቼ ካየሁት ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል!

"እንዴት ነው የምትንሸራተቺው?"

"መካከለኛ ነኝ።"

"እሱን ማን ጠየቀሽ? ምን ደስ ይልሻል ነው የምልሽ።"

ቀላል ጥያቄ ነበረች። መልሱ ሳላስበው ወጣ… ላይ ያለው ቁልቁለት ደስ ይለኛል፣ በዛፎቹ መሀል መሹለክም። ታች ያለውን፣ ከበረዶ የተሠራውን መዝለያ ደግሞ ከዳር ቆሜ ማየት…

"ማየት?"

"ገብቼበት አላውቅም።"

"ታዲያ የምትፈልጊው ለተራራው ሁሉ የሚሆን፣ መጫወትም የሚያውቅ ቦርድ ነዋ። የጀማሪ አይደለም፣ የጉረኛም አይደለም። ወስደሽ ሞክሪና ግዢ። ሳይሞክሩ የሚገቡበት ጋብቻ ብቻ ነው።"

ግትር ነኝ። ከሁሉም የደረቀውን፣ ጥቁሩን አነሳሁ። "ለማን ነው?" ስላት "ለደረሱበት" አለች። እሱን ስጪኝ አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ሰጠችኝ።

ለብሬት ስል ነው የወሰድኩት። አያየኝም፣ አይሰማም። ግን ለእሱ ስል ነው።

ጁላይ 13፣ ቅዳሜ

ጥቁሩ ቦርድ አውሬ ነው። አይተጣጠፍም። ቀጥ ብሎ መብረር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ዙር ስለው ለራሱ ጊዜ ሲመቸው ይዞራል። መቀመጫዬ እንደ ቦርዱ ጠቁሯል። ራና ነርስ ናት። አይታልኝ "ቀለሙ ያምራል" አለች። እግዜር ይይላት።

በገመድ ወደ ተራራው ከሚያወጣን የሊፍት ወንበር ስወርድም ወደቅሁ። እሱ እንኳ የቦርዱ ጥፋት አይደለም። ከሊፍት ስወርድ ሁሌም እወድቃለሁ። የሊፍቱ ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ ማሽኑን ቀስ ያደርጉታል… ለአሮጊቶችና ለእኔ።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ

ብሬት ጻፈ። "ቦርድሽ ተሰበረ አሉኝ። ኩማ ከተማ ሱቅ ቅናሽ ስላለ አንድ አስቀምጬልሻለሁ። ለስላሳ ነው፣ ላንቺ ልክክ ያለ።"

የሱ ደግነት! ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼው ወጣሁ።

እሺ ብል ምን አለበት? አንዲት ቃል ናት። ድካሙም ይቀራል፣ የመቀመጫዬም ብልዝ ይድናል። ጣቴ ሁለት ጊዜ "እሺ" ጽፎ አጠፋ።

ጁላይ 18፣ ሐሙስ

አልመለስኩለትም። የፈነዳ ቧንቧ፣ የፈነዳ ቧንቧ፣ የፈነዳ ቧንቧ። ብርድ።

ጁላይ 20፣ ቅዳሜ

ዴል ጥቁሩን ስመልስላት ፈገግ ብቻ አለች። ከስድቧ ይብሳል። ሌላ አወረደችልኝ፣ አረንጓዴ። ዓሣ ይሁን ጫማ ያልለየለት ሥዕል አለበት።

"የቱ ነው ፊቱ?"

"ፊትና ኋላ የለውም። በሁለቱም ጫፍ አፍንጫ ነው። የተሰበረው ቦርድሽ አፍንጫው ረጅም፣ ጭራው አጭር፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲሄድ የተሠራ ነበር። ይሄ በሁለቱም ይሄዳል። አይደርቅም፣ አይልፈሰፈስም። ማሰሪያውንም እኩል መሀል ላይ አድርጌልሻለሁ። ወደ ኋላ ሳትሄጂበት ተመልሰሽ እንዳትመጪ።"

"ወደ ኋላ አልችልም።"

"ማን አለ?"

ማን እንዳለ አልነገርኳትም።

ሁሌ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ነው የምንሸራተተው። ወደ ኋላ ማለት እንግዲህ ግራውን ማስቀደም ነው። በድሮው ቦርድ ሞክሬው ነበር፣ ያ አጭር ጭራ በረዶው ውስጥ እየተቀበረ አፈር አስጋጠኝ። ብሬት "ተይው፣ ያንቺ አይደለም" አለ። ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ሰፊው ሜዳ ላይ ግራዬን አስቀደምኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ የምወድቅበትን ቦታ ሁሉ መርጬ…

አልወደቅሁም።

ዞርኩ። በሌላው ጎንም ዞርኩ። ጉልበቴ ማንም ሳይለምነው በርከክ አለ፣ ትከሻዬ ራሱ መራኝ። እስከ ታች ድረስ! ራና ከኋላ ደረሰችብኝ።

"አሁን ምን አድርገሽ ነው?"

"ወደ ኋላ ሄጄ ነዋ።"

"ሂጂ ወዲያ! ወደ ኋላ የምትሄጂ የምትመስዪው ሌላ ጊዜ ነው። ዛሬ ሰው መሰልሽ። መቀመጫሽም ቦታው ገባ።"

"አንቺ ደግሞ ስለ ቦርድ ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም። ዓይን ግን አለኝ።"

ጁላይ 22፣ ሰኞ

ለዴል ነገርኳት። ሻይዋን አስቀመጠችና "እስቲ ዙሪና መስኮቱን እዪ" አለችኝ። ዞርኩ። ከኋላዬ ገፈተረችኝ! በሁለት እጇ፣ ባላት ኃይል። ላለመውደቅ አንድ እግሬን ወረወርኩ።

"የቱ ቀደመ?"

ወደ ታች አየሁ። ግራው።

እንደገና ገፈተረችኝ። ግራ። ጫማ አውልቂና ወለሉ ላይ ተንሸራተቺ አለች። የሥራ ቱታዬን እንደለበስኩ፣ በካልሲ፣ ደንበኛ እያየኝ ተንሸራተትኩ። ግራ።

"ሳታስቢው የሚቀድመው ነው ያንቺ እግር። በቀኝ ያስጀመረሽ ማነው?"

"ብሬት።"

"እሱ ራሱስ የቱን ነው የሚያስቀድመው?"

"ቀኙን።"

ዴል ትሳደባለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተሳደበችም። "እንደ ራሱ አድርጎ አሰረልሽ። ተንኮል የለውም፣ አንቺ። አልጠየቀሽም፣ በቃ። አንቺም አልጠየቅሽም።"

በቃ? አስራ አንድ ዓመት እኮ ነው!

ጁላይ 23፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት የዕቃ ማጠቢያ ስር ተጋድሜ ሳስብ ዋልኩ። ተናደድኩ። ሳቅሁ። ደግሞ ተናደድኩ፣ መፍቻው ከእጄ አመለጠ። በሰው እግር ስሄድ ኖሬ "መካከለኛ" ተባልኩ። እኔም አመንኩ! የሚያናድደኝ ማመኔ ነው።

ሌላስ? ሌላ በሰው እግር የምሄድበት ነገር ይኖር ይሆን? ሻይ ያለ ስኳር የምጠጣው እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው? አልጋው ላይ ግድግዳውን ይዤ የምተኛው ማን ስላለ ነው? የስጋ ፓይ ላይ የቲማቲም ስጎ አልወድም ያልኩት መቼ ነው?

ማታ ራና መጣች። ሻዬ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ስጨምር አፏን ከፍታ አየችኝ።

"እሺ፣ እንዴት ነው?"

"ያስጠላል። ያለ ስኳር የምጠጣው እኔው ራሴ ነኝ።"

"እንኳን ተዋወቃችሁ።"

ስጎውን ግን እወደዋለሁ። በጣም።

ጁላይ 24፣ ረቡዕ

ለብሬት ጻፍኩለት። የእግሩን ጉዳይ ጽፌ አጠፋሁት። ተራግሜም ጽፌ አጠፋሁት። የላክሁት ይኸው፦ "አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ይውሰደው፣ እኔ መርጫለሁ።"

"የቱን?" አለ ወዲያው። "ሳታማክሪኝ?"

ሆድ ይፍጀው።

ከዚያ ሄጄ አረንጓዴውን ገዛሁት። ዴል "ሥዕሉ አስቀያሚ ነው" አለችኝ ከከፈልኩ በኋላ።

ኦገስት 3፣ ቅዳሜ

ይሄ ተረት አይደለም። ላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ግራውን አስቀድሜ ቆምኩና ፈራሁ። ሜዳ ላይ ያልፈራ እግር እዚያ አልታዘዝ አለ። ነፋሱ ደግሞ ለጉድ ነው። ግማሽ ሳልደርስ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ እንደ ልማዴ ወረድኩ። አፈርኩ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ… አሁንም በሱ እግር።

ለዴል ስነግራት ስድቧ ተመለሰ። "ደደብ! አስራ አንድ ዓመት የሠራሽበት እግር እንዴት የሱ ይሆናል? ለምንስ ሁለት አፍንጫ ያለው ገዛሽ? በአንደኛው ስትፈሪ በሌላው ሂጂ!"

እንዲህ አላሰብኩትም ነበር።

ኦገስት 10፣ ቅዳሜ

ከሊፍቱ ወረድኩ። ቆሜ! ግራዬ ቦርዱ ላይ ታስሮ፣ በቀኜ መሬቱን እየገፋሁ፣ ሽው። ልጁ ማሽኑን ቀስ አድርጎልኝ ነበር። "ምነው፣ ዛሬ አትወድቂም?" አለኝ። ቅር ያለው መሰለኝ።

ኦገስት 18፣ እሑድ

ትንሿ መዝለያ። ስንት ጊዜ እንደተዘረርኩ አልጽፍም። አንድ ጊዜ ቆምኩ። እሷን ጽፌያለሁ።

ኦገስት 31፣ ቅዳሜ

ላዩን ቁልቁለት በግራ ወረድኩት፣ ከላይ እስከ ታች። መሀል ላይ ጮህኩ። ራና የሞትኩ መስሏት ስኪዋን እያንኳኳች መጣች። "ደስ ብሎኝ ነው" ስላት በስኪ ምርኩዟ ጀርባዬን መታችኝ።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

ዝናብ። በረዶው ገንፎ ሆኗል። ጃኬቴ ከትናንት አልደረቀም፣ የራናን ወንድም ሰፊ የዝናብ ልብስ ለብሼ ወጣሁ። ሁለት ሰው ያስገባል።

ብሬትን ከሊፍቱ ላይ ሆኜ አየሁት። እዚህ ተራራ ላይ ሁሉም ተሸፋፍኗል፣ ሰው በፊቱ አይታወቅም፣ በአቋቋሙ ነው። ቀኙን አስቀድሞ፣ ግራ እጁን ወደ ኋላ ጥሎ… ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። ትልቁ መዝለያ ዳር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ የሚዘለውን ሁሉ ያያል።

ልመለስ አልኩ። በሌላ መንገድ ልውረድ። ደግሞ ለምን? ተራራው የሱ ነው?

ግራዬን አስቀድሜ ገባሁ። ዳር የቆመ ሰው መኖሩን ጫፉ ላይ ስደርስ ረሳሁት፣ በእውነት ረሳሁት። ተነሳሁ፣ አየር ላይ ግማሽ ዞርኩ፣ ቀኜን አስቀድሜ አረፍኩ። ቀኜም ያ ሁሉ ዓመት ለከንቱ አልለፋም። ቆምኩ!

"ጎበዝ! አንተ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ ወንድሜ!"

ድምፁ ነው። እጁን ከፍ አድርጎ ያጨበጭባል። ፊት ለፊቴ ነው፣ በጣም ቅርብ። መነጽሬን፣ ሄልሜቴን፣ ያን ድንኳን የሚያህል ልብስ ያያል። አላወቀኝም። እንዲያ ስትቆም የሚያውቃት ሴት የለችማ።

እጄ መነጽሬ ላይ ደርሶ ነበር። አውልቄ "እኔ እኮ ነኝ" ልለው።

ምን ሊጨምርልኝ?

ሰው ለማያውቀው ሰው እንደሚያደርገው እጄን አነሳሁለት። ወረድኩ።

ራና ታች ቆማ ሁሉንም አይታለች። "ብሬት አይደለም እንዴ? ምን አለሽ?"

"ጎበዝ ነህ አለኝ።"

"ነህ?"

"ነህ።"

ዝናቡ ውስጥ ቆመን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ እኔ ትንሽ አለቀስኩ፣ መነጽሩ ስለሸፈነኝ ራና አላየችም። ቅር ብሎኝ አይደለም። ከአፉ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁት፣ ደስ አለኝ፣ ግን ሳይለኝም በፊት ቁልቁል ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር።

"እንብላ ወይስ እንደገና እንውጣ?" አለችኝ።

"እንውጣ" አልኩ።