አንዴ ብቻ ጠይቂ

ኅዳር 6 ቀን 2009፣ ማክሰኞ

ሥራ ተገኘ። ከዛሬ ጀምሮ የጥናት አስተርጓሚ ነኝ። እዚህ ካርቱም ሰው ቤት የሚሠሩ የኛ ሴቶች ጤናቸው ሊጠና ነው። ርዕሱ ብቻ ግማሽ ገጽ ይሞላል... ማኅበራዊ ልዩነት፣ ጤና፣ ዘላቂ ልማት። እኔ በምኖርበት ዴም ሰፈር ዘላቂ ሆኖ ያየሁት አቧራውን ነው።

አለቃዬ ዶክተር ሉጥፊያ ትባላለች። ሱዳናዊት፣ ረጋ ያለች፣ የምትጠቀለልበት ቶብ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከሷ በላይ ደግሞ አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር አለ። ጥያቄዎቹን የጻፈው አገሩ ተቀምጦ ነው። ሕጉም የሱ።

"አንዴ ብቻ ጠይቂ፣ እንደተጻፈው። መድገም፣ ማባበል የለም" አለችኝ።

"ለምን?"

"መልሱ ይበላሻል።"

የመጀመሪያው ጥያቄ "ጤናሽ እንዴት ነው?" ይላል። አበሻን አንዴ ጠይቆ እውነት ሊያገኝ... ድንቄም ጥናት።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ሪያድ ሰፈር ዋልን፣ ከቪላ ቪላ።

"ጤናሽ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

ዶክተሯ "በጣም ጥሩ" የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ቀጣይ። አንዷ የፈላ ዘይት ፈሶባት እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላዋ እያነከሰች በር ከፈተችልን። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰው እኮ ሲጠየቅ መጀመሪያ ፈጣሪውን ነው የሚያመሰግነው። ሕመሙ የሚወጣው ሲደገምና ሲሠለስ ነው። ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን ያስፈልጋል? አለመሆን ሳይሻል አይቀርም።

"ጤናዬ መጥፎ ነው" ላለች ነጻ የምርመራ ወረቀት አለ፤ ራጁም ደሙም መድኃኒቱም በጥናቱ። ወረቀቱ በሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድም አልወጣ። ጤነኛ ሕዝብ ነን።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ካሳነሽ የምትሠራበት ቤት ተራው ደረሰ። የመተማ ልጅ ናት። ካርቱም ስትገባ መጀመሪያ ያደረችው እኔ ጋ ነው።

መዳሟ ሳሎኑ መሃል ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች፣ እንዳልሰማች ሆና። ካሳነሽ ቆማለች። ያ ሙሉ ፊቷ የት ሄደ? ሁለት ቃል ተናግራ ታስላለች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና።

"ጤናሽ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ እትዬ ጸሐይ።"

አላስቻለኝም። "እንዲህ እያሳለሽ ደህና?"

ሉጥፊያ አማርኛ አታውቅም፤ መድገሜ ግን ገባት። "ጸሐይ፣ ኸላስ" ብላ አስቆመችኝ። መዳሟ ቀና አለች። ካሳነሽ ሳሏን ዋጠች።

በጣም ጥሩ።

ስንወጣ "ልጅቷ ታማለች" አልኳት።

"ደህና ነኝ ካለች ምን ላድርግ? የኔ ግምት አይመዘገብም።"

ዓይን የላትም? ወይስ ለዓይንም የፕሮፌሰሩ ፈቃድ ያስፈልጋል? ካሳነሽ ብትሞት ማን ሊጠየቅ ነው... ማንም።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

ሉጥፊያ ቢሮ አልመጣችም። እንዴት ነሽ ልላት ደወልኩ።

"ከይፍ ያ ዶክቶራ?"

"ተማም፣ አልሐምዱሊላህ።"

ደህና ነኝ ትላለች፤ ድምጿ ግን ይንቀጠቀጣል። "ወላሂ ተማም?" አልኳት።

"ተማም..."

"ሉጥፊያ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

 ከዚያ ሁሉም ወጣ። ወባ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ትኩሳት፣ ውሃ እንኳ ሆዷ አልያዝ ብሎ።

"ታዲያ ያንቺንም 'በጣም ጥሩ' ብዬ ልሙላው?"

ስልኩን ዘጋችው። ለታመመ ሰው እንዲህ አይባልም። ግን ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። ሥራዬንም አብራ ሳትዘጋው አልቀረችም።

ኅዳር 29፣ ሐሙስ

አልዘጋችውም። ጠዋት በራሷ መኪና ዴም ድረስ መጣች፣ ከንፈሯ ገና እንደደረቀ።

"ያላ፣ ሪያድ" አለች። መንገድ ላይ ደግሞ፣ "እኔ የካሳነሽን መዳም በወሬ እይዛታለሁ። አንቺ ወጥ ቤት ግቢና የፈለግሽውን ያህል ጠይቂ።"

ገባሁ።

"እንዴት ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደህና ነሽ?"

"ደህና።"

"ካሳነሽ፣ ምን ሆነሻል?"

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ላብ ያጠምቃታል። ምግብ አይወርድላትም። ከትናንት ወዲያ ደም ተፍታለች። "መዳም ከሰማች ታባርረኛለች፣ እትዬ።"

"ታባርርሽ" አልኳት። የምታባርረው እኔን አይደለም... ለኔ ቀላል ነው።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ከቦርሳዬ የወጣ የመጀመሪያው።

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ሳንባ ነቀርሳ።

መዳሟ ውጤቱን ስትሰማ የካሳነሽን ሻንጣ በር ላይ አስቀመጠችላት። ሁለት ልጆቿን አዝላ ላሳደገችላት። አሁን እኔ ክፍል ናት፣ መስኮቱን ከፍተን። ኪኒኑን ለስድስት ወር ትውጣለች፤ ካላቋረጠች ትድናለች ብለውኛል።

ሉጥፊያ ለፕሮፌሰሩ ጻፈችለት፤ የካሳነሽ መልስ ይስተካከል፣ ጥያቄውም ይቀየር ብላ። መለሰ። ተደግሞ ተጠይቆ የተገኘ መልስ አይቆጠርም። በጥናቱ ውስጥ ካሳነሽ ጤናዋ በጣም ጥሩ ነው።

ስታነብልኝ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ላሾፍባት ፈልጌ ተውኩት።

ጥር 18፣ ሐሙስ

ውጤቱ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቀረበ። ፕሮፌሰሩ ራሱ መጥቷል። ከትናንት ጀምሮ ሆዱ ተበላሽቶ ሽንት ቤት ሲመላለስ ነው ያደረው አሉ። በር ላይ ሉጥፊያ እንዴት ነህ ስትለው "በጣም ጥሩ" አላት። እኔና እሷ ተያየን።

ስደተኞቹ ሴቶች ከአገሬው ሴቶች ይበልጥ ጤነኞች ሆነው ተገኝተዋል አለ። ምክንያቱን ለማወቅ ሌላ ጥናት ያስፈልጋል። ተጨበጨበ። ምሳው ግን ጥሩ ነበር።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ጥናቱ አልቋል፤ የምርመራ ወረቀቶቹ እኔ ጋ ቀርተዋል። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለማንም አላስታወስኩም። ዓርብ ዓርብ ከሉጥፊያ ጋር ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወደ ኛ ሴቶች እንሄዳለን። ትቀመጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግማ ትጠይቃለች። "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ምን ሆነሻል"ን በአማርኛ ለምዳለች፤ አነጋገሯ ያስቃል። ክሊኒኩ የምንልካቸውን እስካሁን አልመለሰም። ወረቀቱ ሊያልቅ ነው።

ዛሬ ጠዋት ካሳነሽ ከኔ ቀድማ ነቅታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

"እንዴት አደርሽ?" አልኳት።

"ራበኝ" አለች።

ፈጣሪዋን እንኳ ሳታመሰግን። ፉል ልገዛላት ወጣሁ።