ለእንግዳ የተቆለፉት አራት ክፍሎች፦ የመምህርት ሰርካዲስ በዛብህ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሰርካዲስ በዛብህ ከአባታቸው ከአቶ በዛብህ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉነሽ ካሣ ጥር 6 ቀን 1962 ዓ.ም በድሬዳዋ ከተማ ለገሃሬ ሰፈር ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ዝናሽ ነኝ። ድሬዳዋ ላይ ማን ማንን አንቱ ይላል? እኔም በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን አንቱ ብያቸው አላውቅም። ዛሬ የምለው ለወጉ ነው። ወጉን እጠብቃለሁ፤ ነገሩን ማለዘብ ግን አልችልበትም፤ አንጀቴ አሯል።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ቆሻሻ አይችሉም ነበር። አባታችን ከምድር ባቡር ጋራዥ በግሪስ ተለውሰው ሲመጡ፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ከቧንቧው ዘንድ አስቁመው ያስታጥቧቸው ነበር። እናታችን “ይቺ ልጅ አፍንጫዋ ነው የሚገላት” ይሉ ነበር። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በድሬዳዋ ተከታትለው በ1980 ዓ.ም አጠናቀቁ። በ1982 ዓ.ም ከኮተቤ በባዮሎጂ ዲፕሎማ፣ በ2000 ዓ.ም ደግሞ ክረምት ክረምት ተምረው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1987 ዓ.ም ከአቶ ሽመክት ጢሞቴዎስ ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻ መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በሽንሌና በከተማችን ትምህርት ቤቶች ከሃያ ዓመት በላይ ካስተማሩ በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አነስተኛ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ስሙን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ልጆቹ ምን በወጣቸው ይፈሩበት። የሚያውቀው ያውቀዋል።

በዚያ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ የተማሪ ክበብ በዳይሬክተሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ግድግዳው ላይ! ሚኒ ሚዲያው ማይክራፎን የሚያገኘው እንግዳ ሲመጣ ነው። የአረንጓዴ ልማት ክበብ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው በአንዱ ጉድጓድ ችግኝ እየተከለ ፎቶ ተነሥቷል፤ ውሃ ያጠጣው ግን የለም። እሳቸው ይህን ሲያወሩልኝ ፊታቸው እንደሚያስመልሰው ሰው ይጨማደድ ነበር። “ልጆቹን ውሸት እያለማመድናቸው ነው” ይሉ ነበር።

የሴት ተማሪዎች ክበብ ለእሳቸው ተሰጠ። ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ሠላሳ አንድ ሴቶች ዓመቱ ሲያልቅ ክፍል ውስጥ የተገኙት አሥራ ሁለት ነበሩ። ዳይሬክተሩ “ባህላቸው ነው፣ ወላጆች ይድሯቸዋል” ሲል፣ የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው። እሳቸው ልጆቹን ጠየቁ። ነገሩ ሌላ ነበር። ግቢው ውስጥ ሴት ልጅ የምትገባበት መጸዳጃ የለም። ልጆቹ እስኪለቀቁ ድረስ ውሃ አይጠጡም፤ ካልቻሉ ከቁልቋሉ ሥር ይቀመጣሉ፣ መንገደኛም ያያቸዋል። የወር አበባ ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ቤታቸው ይውላሉ፤ ከዚያ ትምህርቱ ያመልጣቸዋል፤ ከዚያ ይቀራሉ።

በ2009 ዓ.ም የክበቡ ልጆች ወላጆቻቸውን ለጉዛ ጠሩ። ጉዛ እዚያ አገር ጎረቤት ተጠራርቶ የሚሠራው ሥራ ነው። የአካባቢው ሽማግሌ አቶ ዐያንሌ ድንጋዩን በግመሎቻቸው አመላለሱ። ከተማ መጋላ ገበያ የሚነግዱት አቶ ከሪም ከፈረሰ መጋዘናቸው ቆርቆሮ ሰጡ። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆፈሩ። ከሁሉም በላይ የቆፈረችው ፋርሂያ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስትቆፍርም ስትሳደብም የሚያህላት አልነበረም ይላሉ። በሁለት ወር ውስጥ አራት ክፍል፣ የውሃ በርሜልና የእጅ መታጠቢያ ያለው መጸዳጃ ቤት ቆመ።

ምረቃው ዕለት ኃላፊዎች በሁለት መኪና መጡ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ፌስቡክ ላይም ወጣ። በማግስቱ አራቱም በሮች ቁልፍ ገባባቸው። ዳይሬክተሩ “ተማሪ ከገባበት ይበላሻል፤ ነገ እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን?” አለ። ቁልፉ ተባዝቶ ለመምህራን ብቻ ታደለ። ሪፖርቱ ላይ “አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል” ተብሎ ተጻፈ። ኤዲያ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ልጆቹ በገዛ እጃቸው የቆፈሩትን እያዩ ወደ ቁልቋሉ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ዝለይው ብሎኛል። እሳቸው ግን በመጨረሻ ሰሞን “ዝናሽ፣ እሱን ካልጻፍሽ ሌላውንም እንዳትጽፊ” ብለውኛል። ቁልፍ ለእሳቸውም ደርሷቸው ነበር፤ ተቀበሉ። ደብዳቤ እየጻፉ፣ ስብሰባ ላይ እየተሟገቱ፣ በዕረፍት ሰዓት ግን ያንኑ ቁልፍ አውጥተው ከፍተው ይገቡ ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ። ቆሻሻ አይችሉምና ቁልቋል ሥር መቀመጥ አልሆነላቸውም።

ፋርሂያ ቀረች። አሥር ቀን ሲሞላት እሳቸው ቤቷ ድረስ ሄዱ። ልጅቷ አልተነሣችም፣ አልሳመቻቸውምም። “ቲቸር፣ ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን። አንቺ ገብተሽ ትወጫለሽ፣ እኛ ቁልቋል ሥር ነን። ክፍል ስትገቢ እጅሽ ሳሙና ሳሙና ይላል። ወላሂ እኔ ካሁን ወዲያ አልመጣም” አለቻቸው። እህቴ ያን ቀን ወደ እኔ ቤት መጥተው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዳይሬክተሩን ሲጸየፉ ኖረው ራሳቸውን ተጸየፉ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እያየ፣ ከአቶ ዐያንሌ ጋር አራቱንም ጓጉንቸሮች በብረት መጋዝ ቆረጡ። በየበሩም ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አስገቡ። ዳይሬክተሩ “የመንግሥት ንብረት!” እያለ ሲሮጥ መጣ። አቶ ዐያንሌ “አቦ፣ ድንጋዩን ግመሌ ነው የተሸከመው፤ መንግሥት መቼ ተሸከመ?” አሉት። እህቴ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፣ ክበቡንም ተነጠቁ። ልጆቹ ግን ገቡበት። በቀጣዩ ዓመት ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጡት ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። ፋርሂያ አልተመለሰችም፤ በሩ በተከፈተበት ወር ተድራ ነበር።

መምህርት ሰርካዲስ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የአንጀት ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋሉ። ያ ሁሉ ንጽሕና የሚወዱ ሰው ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። የሞያ ባልደረቦቻቸው አንድ ቀን መጥተው፣ ሽታውን ሲሰሙ በር ላይ ቆመው “እግዜር ይማርሽ” ብለው ሄዱ። ፋርሂያ አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ መታመማቸውን እዚያው ከሚሠራው ከልጃቸው ከናሁሰናይ ሰማች። ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ፖፖውን ታነሣለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። እህቴ “አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ” ሲሏት “ቲቸር፣ ዝም በይና ወደ እኔ ዙሪ” ትላቸው ነበር። ሦስት ወር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በሞቱበት ዕለት አፉ ብላቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። ፋርሂያ “እኔ ምን አለኝ? እህቴ ሙኒያ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገብታለች። መጸዳጃው ቲቸር ከታመመች ወዲህ ተመልሶ ተቆልፏል” አለችኝ። አላመንኩም። ትናንት የእህቴን መጻሕፍት ላመጣ ትምህርት ቤቱ ሄጄ በዓይኔ አየሁት። አራቱም በሮች አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎባቸዋል። ቁልቋሉ ሥር ያለውን አልጽፈውም፤ ቀብር ላይ አይነበብም።

የትምህርት ቤቱ አስተዳደር “በሞዴል መጸዳጃ ቤት ግንባታ ከአመራሩ ጋር ተባብረው የሠሩ” የሚል የኀዘን መግለጫ እንዲነበብ ልኳል። አይነበብም። እንዲህ ያለ ውሸት በሬሳዋ ላይ አላነብም።

መምህርት ሰርካዲስ ባለቤታቸውን አቶ ሽመክትን፣ ልጆቻቸውን ናሁሰናይንና ኪዳነ ምሕረትን፣ እኔን እህታቸውንና ያስተማሯቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። ስታስታምማቸው ለነበረችው ለፋርሂያ ቤተሰቡ ምስጋናው የላቀ ነው። ቸሩ አምላክ በደላቸውን ሁሉ ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች፣ አበባውን መልሳችሁ ውሰዱት። ቁልፎቹን ለአቶ ዐያንሌ ስጧቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆመው ይጠብቋችኋል።