የጀልባ ማሰሪያ ፍለጋ

ሰኞ

ጀልባዋ እስከ ቅዳሜ ከግቢ መውጣት አለባት። አከራያችን አዴ ድንቂቱ ልጃቸውን እሁድ ይድራሉ። ድንኳኑ የሚተከለው ጀልባዋ የተኛችበት ቦታ ላይ ነው። አልተቆጡም። «አባ ቤዛ» አሉኝ። እዚህ ሰው በልጁ ስም ይጠራል። «ሙሽሪትን በሷ እንዳንሸኛት ጎማ የላትም።»

ባለቤቴ ሰብለ ነቀምቴ ሆስፒታል ተመድባ ከሐዋሳ ስንመጣ ጀልባዋን ከአልጋና ከቁም ሳጥን ጋር በአይሱዙ ጫንኳት። ርዝመቷ አምስት ሜትር አይሞላም። በገዛ እጄ የሠራኋት ናት፤ ሦስት ዓመት ፈጅታብኛለች። ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ከገባን ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ሥራዋ የዶሮ እንቁላል መያዝ ነው።

አንድ ባለሆቴል ሊገዛት ይፈልጋል። አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት። ሰብለ፣ «ውሃ ካላገኘህላት ስጠው» አለች። ልክ ናት። ልክ መሆኗን ነው የጠላሁት።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ አርጆ፣ ከዚያ በሞተር ቁልቁል ወደ ግድቡ ውሃ ወረድኩ። ሙቀቱ ሐዋሳን አስታወሰኝ።

አንድ ጥግ አገኘሁ። ንፋስ አይነካውም፣ ዳሩ ለስላሳ ሣር ነው፣ ውሃው እንደ መስታወት ነው። ማስታወሻዬን አውጥቼ ስለካ አንድ ገበሬ ከኋላዬ መጡ። ኦቦ ቶለሳ ይባላሉ፤ ማሳቸው እዚያው ነው። ሰላምታው ረዘመ፣ ስለ ልጆቼም ስለ ከብቶቼም ተጠየቅሁ። ከብት የለኝም ስላቸው አዘኑ። አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ አሉኝና ስሜ በዚያው ቀረ።

«ይኼ ቦታ ጥሩ ነው ባርሲሳ» አሉ። «ሮቢም ወዶታል።» ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ነው። ሣሩ ላይ ዱካውን አሳዩኝ። እግሮቼን አስገባሁበት፤ ሁለቱም ገቡ።

ከዚያ አሮጌውን መንገድ አሳዩኝ። ግድቡ ሳይሞላ መኪና የሚሄድበት የጠጠር መንገድ ነበር፤ አሁን ቁልቁል ሄዶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ጭቃ የለውም። ውሃው ቢወርድም ቢወጣም ጀልባ ይወርድበታል። ጉማሬ ጠጠር አይወድም አሉ። ስለ ጉማሬ የማውቀው የለም፣ እሳቸውን አመንኳቸው።

ረቡዕ

የሚያስፈልገኝ፦
አይሱዙ (ተገኘ)።
የናይሎን ገመድ፣ ወፍራም (ተገኘ)።
ተንሳፋፊ ምልክት፦ ቢጫ ጀሪካን።
ከታች የሚይዛት ክብደት፦ የለም።

ሐዋሳ የብረት መልሕቅ ነበረኝ፤ ስንጓዝ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ እህል ላስፈጭ ሄጄ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ ተቀምጦ አየሁ። ክብ ነው፣ መሃሉ ቀዳዳ ነው፣ ሁለት ሰው አያነሳውም። ባለወፍጮውን ለመንኩት።

«ምን ልትፈጭበት? አልቋል እኮ!»
«ውሃ ውስጥ ልጥለው ነው።»
ሠራተኞቹን ጠራና ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። ሲስቁ ቆይተው ለአራት ተሸክመው ጋሪ ላይ ጫኑልኝ።

ሐሙስ

ወረደች!

ኬላ ላይ ፈታሹ ሁለት ጊዜ ዞራት። «ይኼ ምንድን ነው?» «ጀልባ።» «ወንዙ የት አለ?» «ወደሱ እየወሰድኳት ነው።» አሳለፈን።

የኦቦ ቶለሳ ጎረቤቶች ስድስት ሆነው መጡ። በአሮጌው መንገድ ላይ ግንድ እየደረደርን አንከባለልናት። ድንጋዩን ጀልባዋ ላይ በሳንቃ ጭነን ጥልቁ ጋ ስንገፋው ጀልባዋ ልትገለበጥ ምንም አልቀራትም። ሁሉም ጮኸ። እኔም። ጀሪካኑ ብቅ አለ። አፍንጫዋን በአንድ ገመድ አስሬ ተውኳት። ኦቦ ቶለሳ «እኔ አያታለሁ፣ ሂድ» አሉኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዛሬ እጄ ውሃ ውሃ ይሸታል።

ዓርብ

ኦቦ ቶለሳ ጠዋት ደወሉ። ንፋስ ነበር። ጀልባዋ ውሃ ሞልታለች። እንጨት ስለሆነች አልሰመጠችም፣ ግን ከንፈሯ ብቻ ነው የሚታየው።

ምን አጠፋሁ? ገመዱ አጠረ? ስፌቷ ተላቀቀ? ሁለት ወር ፀሐይ ላይ ደርቃ ሳንቃዋ ተሰንጥቆ ይሆን? የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ መጋዝ ገልብጦ ሲይዝ አይቼ ሳላርመው አለፍኩ።

ባለሆቴሉም ዛሬ ደወለ። «ነገ ማታ መልስ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ሰብለ ለነገ ምሳ ቋጠረችልኝ።

ቅዳሜ

ደርሼ ከዳር ሳያት ገባኝ። አፍንጫዋ በእኔ ገመድ ድንጋዩ ላይ ታስሯል። ጭራዋ ደግሞ በሌላ ገመድ ዳር ካለ ጉቶ ጋር። ተወጥራለች። ማዕበሉ ጎኗን ሲመታት መዞር አልቻለችም።

«ማን አሰራት?»
«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ቶለሳ፣ በኩራት። «አንተ ከሄድክ በኋላ መዞር ጀመረች። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። አላመንኳትም። ልትሄድ ነው ብዬ ኋላዋንም አሰርኩላት።»

ሳቄ መጣ፤ ደግሞ አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። መዞሯ ጤናዋ እንደሆነ፣ ፊቷን ለንፋስ መስጠት እንዳለባት አልነገርኳቸውም። ሐዋሳ ይኼን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አሁን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም፣ ባርሲሳ? እኔ በሬ ነው የማውቀው!»

በባልዲ ጨለፍናት። ሳንቃው ደህና ነው፣ ስፌቱም አልተላቀቀም። የኋላውን ገመድ እሳቸው ራሳቸው ፈቱት። ትንሽ ንፋስ መጣ፤ ቀስ ብላ ዞረች። ኦቦ ቶለሳ እጃቸውን አጣጥፈው ሲያዩ ቆዩና «ባዬ ጋሪ ዳ» አሉ፤ በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው። ማታ ለባለሆቴሉ ደውዬ አልሸጥም አልኩት።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ ብርቱ ንፋስ ተነሣ። የሠርጉን ድንኳን ገመድ ይዘን ቆምን፣ እኔ፣ የሙሽሪት አጎቶችና ሁለት የመዘምራን ልጆች። እጄ እዚህ ነው፣ ልቤ እዚያ። ኦቦ ቶለሳ ጋ ስደውል ስልኩ አይገባም። ሙሽራው መጥቶ ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር ስልኩ ገባ።

«ደረቅ ናት» አሉ ኦቦ ቶለሳ። «ንፋሱ ሦስት ጊዜ ዞረ፣ እሷም ሦስት ጊዜ ዞረች። እሷን ሳይ እርሻ ሳልሄድ ረፈደ።»

ሰብለን ከእልፍኙ ጠርቼ ነገርኳት። «ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት የለህም ማለት ነው» አለችና ተመልሳ ገባች።

ክረምቱ ገና ነው። ውሃው ሲሞላ መንገዱ እስከ የት እንደሚዋጥ ኦቦ ቶለሳም አያውቁም። ረዘም ያለ ገመድ እገዛለሁ።