አጎቴ የቆረጠው ዝምታ

ሰኞ፣ የካቲት 4
ጽሑፌ ጋዜጣችን ላይ ወጣ! ገጽ ዘጠኝ፣ ከነስሜ። ያ ዝነኛ የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ዳይሬክተር ያለ መጠን ተወድሷል፤ ተኩስ በተኩስ ነው፣ ፋታ የሚባል አያውቅም ብያለሁ። አዘጋጇ ሳቅ አለች። «ደፋር ነህ። ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ አንዱን ፊልሙን ያሳያል። ከዚያ መድረክ ላይ ስለ ጽሑፍህ ትሟገታለህ፤ ቅጥርህን ከዚያ በኋላ እናያለን።» የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አስር ቀን ቀረው። ደስ ብሎኛል... መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5
ፎቶ አንሺያችን ደረጃው ላይ ያዘኝ። «ስማ ወንድሜ፣ ፋታ የለውም ያልከው የቱን አይተህ ነው? እኔ እኮ ሁለት ሰዎች ሲተያዩ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ፣ ገና እየተያዩ ነበር!» እየሳቀ ሄደ። ምን ማለቱ ነው? ሁሉንም በልጅነቴ በአጎቴ ቪዲዮ ቤት አይቻቸዋለሁ። አንድም አልቀረኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6
ፎቶ አንሺው ያለው መተያየት ጨርሶ ትዝ አይለኝም። አጎቴን መጠየቅ ፈራሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7
ጠየቅኩት።
«መተያየቱን? እኔ ነኛ የቆረጥኩት! ካሴት ስቀዳ እዚያ ጋ ስደርስ መቅጃውን አቆመዋለሁ። ሰው ፊት ለማየት ቪዲዮ ቤት ይመጣል እንዴ? ፊት ከፈለገ ቤቱ መስታወት አለው!»
ኩራቱ! ለካ ስተች የከረምኩት አጎቴን ነው... ቅዳሜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊልሙን አይቶ ወደ እኔ ይዞራል። አሞኛል ብልስ? እስከ መቼ ያመኛል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9
ከአዘጋጇ ጎን ተቀምጬ አየሁት። ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ውሃ እየጠጣ በር በሩን ያያል። ማንም አይናገርም። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም ፈራሁ፤ ግን ለሽማግሌው። ራሴን የረሳሁት ያኔ ብቻ ነው።
መድረክ ላይ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሳቅ በሳቅ። ከኋላ አንዱ፣ «አጎትየውን ሸልሙልን!» አለ። አዘጋጇ ግን አልሳቀችም።
«አሁንስ? ያለ መጠን ተወድሷል?»
«በዝምታው አይደለም። ግን በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት በሁለት ሰዓት ሦስት ቃል ብቻ ነው የተናገረችው። እሷን ዝም ያሰኛት አጎቴ አይደለም።»
ሳቁ ቆመ። ከየት አመጣሁት?

ሰኞ፣ የካቲት 11
አዘጋጇ በሩን ዘጋች። «ሙሉውን ባላየኸው ፊልም ላይ ፈርደሃል። ማረሚያውን ራስህ ጻፍ፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ። የሙከራ ጊዜህ ሦስት ወር ተራዝሟል።» አልተባረርኩም...
የቀሩትን ስድስት ፊልሞቹን ሙሉ ቅጂ ተዋስኩ። አንዱን አይቼ ማረሚያውን ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። አምስት ይቀራሉ።